የመቅደላ ስምም ተወርሷል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከመቅደላ ስለተዘረፉት ታቦታት፣ ብራናዎችና ዘውድ የምታወጡትን ሁሉ እየተከታተልኩ አነባለሁ። ከዝርዝሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድልብኛል። የአምባው ስም ራሱ ተወስዶ በአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ውስጥ ሲወራረስ ኖሯል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሦስት ወር እንዳለፈ ንግሥት ቪክቶሪያ የዘመቻውን አዛዥ ሮበርት ናፒየርን «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» አሰኘችው። ፓርላማውም በዓመት 2,000 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት። ማዕረጉ ለእሱ ዕድሜ ብቻ አልነበረም፤ ለወንድ ዘሩ ጭምር ነው።

እኛ አገር ሹመት ከንጉሥ፣ ርስት ከአባት ነበር። የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ሆኖ አይወለድም፤ ንጉሡ ይሾማል፣ ይሽራል። እንግሊዞች ግን ሹመቱን ርስት አደረጉት፤ ያውም ሴት ልጅ የማትካፈለው ርስት። የእኛ ባላገር ሴት ልጅ የአባቷን ርስት ትካፈል ነበር። እዚያ በዙፋኑ ላይ ወንድ ከሴት እንዳይቀድም እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ ሲወጣ እንኳ የመኳንንቱ ማዕረግ ሳይነካ ቀረ።

ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሞት ማዕረጉ ለበኩር ልጁ አለፈ። በ1921 ወንድምየው ወረሰ፣ በ1935 ሌላው ወንድም። ሦስት ወንድማማቾች በየተራ የመቅደላ ባሮን ተባሉ ማለት ነው። በ1948 አምስተኛው፣ በ1987 ስድስተኛው ተተኩ።

እኔ ከተንታ ተነስቼ አምባው ላይ ወጥቻለሁ። ሴባስቶፖል እዚያው ነው። እጄን ሳሳርፍበት ብረቱ ጠዋት ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ያን መድፍ ለመጎተት ስንት ሰው ትከሻውን እንደሰጠ እያሰብኩ፣ የዚህ ቦታ ስም ባሕር ማዶ የሰው ማዕረግ መሆኑ አንጀቴን በላው።

ዘውድ ይመለሳል፣ ታቦት ይመለሳል። ይህ ግን እንዴት ይመለሳል? እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ ወራሹ በአንድ ዓመት ውስጥ ማዕረጉን አልፈልግም እንዲል ይፈቅድለታል። የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ ፖለቲከኛ ቶኒ ቤን የአባቱን ማዕረግ የተወው በዚሁ ሕግ ነው። ነገር ግን መተው የሚመለከተው የተወውን ሰው ብቻ ነው። ቤን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሞት ማዕረጉ ተመልሶ ለልጁ ሆነ።

ስለዚህ የምጠይቀው እናንተን ነው። ጽሑፎቻችሁ ናፒየርን «ጄኔራል» ብለው ወታደሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ታሪኩን ይዘጉታል። በሚቀጥለው ሚያዝያ ስለ መቅደላ ስትጽፉ ከዘውዱና ከብራናው ቀጥሎ ስሙንም መዝግቡት። ማን እንደሰጠው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ልጆቻችን ያንብቡ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ