የከተማ ተመራጮች ለፓርቲ ቀስቃሾቻቸው ምን ያድርጉ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ምርጫ በሚጻፈው ሁሉ የፓርቲ መሪዎች ክርክር በሰፊው ይዘገባል። ቤት ለቤት እየዞረ ፓርቲውን የሚያስተዋውቀው በጎ ፈቃደኛ ቀስቃሽ ግን እምብዛም አይነሳም፤ በዚያው ፓርቲ ስም ተመርጦ በከተማው ምክር ቤት የተቀመጠው ተወካይ ለዚህ ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ ደግሞ ጨርሶ ሲነገር አልሰማሁም። በእኔ እምነት ተመራጩ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ እገዛ በምክር ቤት የተሠራውንና ያልተሠራውን በእውነት ማስረዳትና ከእርሱ ጋር እስከ መራጩ ደጃፍ መሄድ ነው።

ቀስቃሹ በር ላይ የሚቀርብለት ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ፓርቲው ርዕዮተ ዓለም አይደለም። የሚጠየቀው ስለ ተቆራረጠ ውሃ፣ ስለ ተበላሸ መንገድ፣ ስለማይነሳ ቆሻሻ ነው። በጀት ሲጸድቅ በስብሰባው የነበረው ተወካይ ለየትኛው ሥራ ገንዘብ እንደተያዘ፣ የትኛው ለሚቀጥለው ዓመት እንደተላለፈ፣ የትኛውስ ከከተማው ሥልጣን ውጭ እንደሆነ ያውቃል። ለሕዝብ ይፋ ከሆነው ቃለ ጉባኤና የበጀት ሰነድ ይህን በአጭሩ አውጥቶ ቢሰጠው፣ ቀስቃሹ የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይቆማል። «ይህን አልሠራንም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚለው ክፍል እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ የማይፈጸም ተስፋ የሰጠ ቀስቃሽ በሚቀጥለው ምርጫ ወደዚያ ቤት በምን ፊቱ ይመለሳል?

አብሮ መሄዱም ቀላል ነገር አይደለም። አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ባደረጉት የመስክ ሙከራ፣ ፊት ለፊት የተነጋገሩ መራጮች ለድምፅ የመውጣት ዕድላቸው በግልጽ ሲጨምር፣ በስልክ መቀስቀስ ግን ይህን ውጤት አላመጣም። ጥናቱ የተመለከተው ድምፅ ለመስጠት መውጣትን እንጂ የፓርቲ ምርጫን ባይሆንም፣ በአካል መገኘት ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን መታለፍ የሌለበት ወሰን አለ። የምክር ቤቱ ቢሮ፣ ተሽከርካሪ፣ የማተሚያ መሣሪያና ሠራተኛ የሁሉም ነዋሪ ንብረትና አገልጋይ ናቸው። የብሪታንያ የ1986ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ ምክር ቤቶች ለአንድ የፖለቲካ ፓርቲ የሚሰጠውን የሕዝብ ድጋፍ ለመለወጥ የታሰበ የሚመስል ጽሑፍ እንዳያሳትሙ የከለከለው በከንቱ አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የባለጉዳዮች ስምና ስልክ ነው። አንዲት እናት ስለ ቤቷ ችግር ለተወካይዋ አቤት ስትል፣ ጉዳይዋ እንዲፈታላት እንጂ በማግስቱ የፓርቲ ቀስቃሽ እንዲደውልላት ፈቅዳ አይደለም። ተመራጩ ይህን ዝርዝር ለቅስቀሳ ቢያውል ዜጎች ችግራቸውን ከመናገር ይቆጠባሉ፤ ፓርቲውም ቢሆን በዚህ አይጠቀምም። ከቀስቃሽ ወደ ተመራጭ የሚሄደው ጥያቄ ግን፣ ነዋሪው እስከፈቀደ ድረስ፣ ሊበረታታ ይገባል፤ መልሱም ያ ነዋሪ ማንንም ይምረጥ ማንን ሊደርሰው ይገባል።

ይህ ሁሉ የምርጫው ሰሞን ብቻ ከሆነ አይሠራም። ስለዚህ ፓርቲዎች ዕጩ ሲያቀርቡ፣ ተመራጩ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በየወሩ ከሰፈር ቀስቃሾች ጋር የሚውልበትን ቀን ከወዲሁ በጽሑፍ እንዲስማሙበት፣ ጋዜጣችሁም ዕጩዎችን ሲያነጋግር ስለዚህ ጉዳይ እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ