ስለ ንግድ መርከበኛው ልጅነት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል አድገው በኋላ የንግድ መርከበኛ ስለሆኑት አዛውንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የባሕር ሕይወታቸው በሚገባ ተተርኳል፤ ልጅነታቸው ግን በጥቂት መስመሮች መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

በመስከረም 1939 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ከተሞች ወደ ገጠር ከተወሰዱት ሕፃናት ብዙዎቹ፣ የተፈራው የአየር ድብደባ ወዲያው ባለመምጣቱ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰው ነበር። ስለዚህ በግንቦት 1941 መጀመሪያ የጀርመን አውሮፕላኖች ሊቨርፑልን ለተከታታይ ሌሊቶች ሲደበድቡ፣ በወደቡ ዙሪያ በሚገኙ የሠራተኛ ሰፈሮች በርካታ ልጆች ነበሩ። ከተማዋ ዒላማ የሆነችው ከሰሜን አሜሪካ በጦር መርከቦች በታጀቡ የንግድ መርከቦች የሚመጣው ምግብና የጦር መሣሪያ በብዛት የሚራገፍባት በመሆኗ ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት በዓይኑ ያየ ልጅ ከጦርነቱ በኋላ ባሕርን መምረጡ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ በወደብ ከተማ አባት፣ አጎትና ጎረቤት የሚተዳደሩት በመርከብ ሥራ ነውና።

ሌላው የተዘነጋው ነገር፣ በጦርነቱ ወደ 30,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ንግድ መርከቦች ባሕርተኞች ማለቃቸውና ሁሉም እንግሊዛውያን አለመሆናቸው ነው። ሕንዶችና ቻይናውያን ብዙ ነበሩ፤ በእንፋሎት መርከቦች ሆድ ውስጥ ከሰል ሲያነዱ ከነበሩት መካከል ደግሞ የቀይ ባሕር ጎረቤቶቻችን የሆኑ የመናውያንና ሶማሌዎች ይገኙበታል። መርከብ በቶርፔዶ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ በሚወነጨፍ ፈንጂ፣ ሲመታ ከታች ያሉት የመትረፍ ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነበር። ለአንባቢዎቻችሁ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር ጽሑፍም ቢቀርብ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ