ቅዳሜ ስለ ሰፈራችን ፕላን እንወያያለን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም በሰፈራችን የቱ ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ፕላን፣ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ቀርቧል። ቅዳሜ ጠዋት በወረዳው አዳራሽ እንገናኝ። ባለይዞታውም ተከራዩም ይምጣ።

«ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው፣ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችንን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። ያለፈውንም አንርሳ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብዙ ሕይወት ከጠፋበት ተቃውሞ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። ምነው ሰው ቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን!

ስትመጡ የፕላኑ ካርታ ላይ ያለውን ቀለም በደንብ እዩት፤ ቀለሙ ቦታው ለምን እንደታሰበ ያሳያል። ቤታችሁ ያለበት ቦታ መኖሪያ ነው የተባለው? ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አብረው ያሉበት)? ወይስ አረንጓዴ ቦታ? መንገድ ውስጥ ከገባ ስፋቱን ጠይቁ፣ ግቢያችሁን ምን ያህል እንደሚነካም እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ። የልጆቹ ሜዳስ ምን ተባለ? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አንዴ ሕንፃ ከቆመበት ልጆቻችን ሌላ ሜዳ የላቸውም።

የተናገራችሁት በቃለ ጉባኤ መያዙን አረጋግጡ። አስተያየቱን በጽሑፍ የሚያስገባ ሰው ቀሪው ኮፒ ላይ ማኅተም ያስመታ። መምጣት የማይችሉ አረጋውያን ጎረቤቶች ካሏችሁ፣ እባካችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ ሐሳባቸውን ተቀብላችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ