ስለ ቀይዋ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከረምክ? ሦስት ዓመት ጠፍቼ "እንዴት ከረምክ" ብዬ ስጀምር እጄ ከበደኝ። የአባባን ለቅሶ ደርሻለሁ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ወንድምህ ነግሮህ ይሆናል። ላንተ መደወል ግን አቃተኝ። ስልኩን አነሳለሁ፣ የምለው ይጠፋኛል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ወር ሲያልፍ ጭራሽ ተውኩት። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ይሄን በአካል እናወራዋለን። አሁን ሌላ ነገር አለ፣ ሳልፈራ ልናገረው።

ቀይዋ ጊታርህ ተጎድታለች።

አትደንግጥ። አንገቷ ደህና ነው። እንጨቷ ላይ አዲስ ጭረት የለም። ያቺ ባህር ዳር የተላጠችው ጥጓም እንዳለች ናት። የተጎዳው የብሪጁ ፒክአፕ ነው፤ ያ ክሮቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ያለው ድምፅ ተቀባይ። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ።

ባለፈው እሁድ እማማ ጋ ሄጄ ነበር። ቡና አፈሉልኝ። ስላንተ ስናወራ ቆይተን "የልጄ ጊታር አለች?" አሉኝ። "አለች እማማ፣ ደህና ናት" አልኳቸው። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። እሳቸውን ዋሽቼ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፣ አንተም ታውቃለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጥር ላይ የሠርግ ሥራ ተደራርቦብን ነበር። አንዱ አዳራሽ ውስጥ ስፒከሮቹን ከጀርባዬ ደረደሯቸው። ድምፅ ጨመር ሳደርግ ቀይዋ ትጮሃለች። ስልህ፣ የለመድነው ዓይነት ጩኸት አይደለም። ስድስቱንም ክር በመዳፌ ይዤ እንኳ አያቆምም። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ሳይቀር አፏጨች። እቤት ገብቼ ፒክአፑን በጥፍሬ ነካ ነካ ሳደርገው በአምፑ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይላል። ማይክ ሆኗል ማለት ነው። ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ላልቶ በራሱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

መድኃኒቱን አንተም ታውቀዋለህ። ሰም ውስጥ መንከር ነው። ሰሙ በሽቦው መሃል ገብቶ ሲረጋ ያስረዋል። አራት እጅ ፓራፊን፣ አንድ እጅ የንብ ሰም፣ ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ። ሻማ ገዛሁ። የንብ ሰሙን ከጧፍ ላይ ላጥኩ። ሁሉን አዘጋጅቼ ስጨርስ መብራት ጠፋ። እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። በማግስቱ ሌላ ሠርግ ስለነበር ቸኮልኩ። ጣሳውን ውሃ ባለው ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ሲገባኝ በቀጥታ ከሰል ላይ ጣድኩት።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጥቁሩ ፕላስቲክ ጫፉ ተነስቶ እንደ ደረቀ የእንጀራ ጠርዝ ጎበጠ። በጉጠት ሳወጣው ከጎኑ አንዲት መዳብ ክር ተንጠልጥላ አየሁ። ከፀጉር አትወፍርም። ወደ ብርሃኑ ሳስጠጋት ነው ቀይ ሆና የታየችኝ። ትንፋሼ ሲነካት ትወዛወዛለች። መሃሏ ላይ ተበጥሳለች። ማልቲሜትሩን ሳስነካው 1 ብሎ ቀረ። በቃ፣ መንገዱ ተቆርጧል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሰሙ በላዩ ላይ ሲነጣ አየሁት። ያንተን ነገር፣ ያንተን አደራ፣ በሻማ አበላሸሁት።

ለወንድሜ በስልክ "ፒክአፗን አቃጠልኳት" ስለው ጎረቤቴ ሰምታ ሮጣ መጣች። "ሰው ተረፈ?" ትለኛለች። መኪና መስሏታል። በዚያች ቀን ያሳቀኝ ይሄ ብቻ ነበር።

ለማስጠገን ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። ዲናሞ የሚጠቀልል ሰው ጋ ወሰድኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ በአጉሊ መነጽር አየልኝ። እሱ ጋ ያለው ቀጭን የሚባለው ሽቦ ለዚህ ገመድ ነው። አንዱ ኮይል፣ ማለት የሽቦው ጥቅል፣ ብቻውን 5 ሺህ ዙር አካባቢ ነው፤ ኮይሉ ደግሞ ሁለት ነው። ማሽኑ ይበጥሰዋል አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት።

ስለዚህ አዲስ መግዛት አለብን። "አለብን" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሂሳቡ የኔ ነው፤ ምርጫው ግን ያንተ ነው። ጊታሯ ያንተ ናት። ካንተ ፈቃድ ውጪ ከዚህ በላይ አልነካትም።

ያቺን የፒያሳዋን ክፍል አስባት እስቲ። አሁን የለችም፣ ሰፈሩ ፈርሷል። በዚያ ሳልፍ በሩ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። የኔ ነጯ ጊታር ፍሎረሰንቱ በተበራ ቁጥር ታጉረመርም ነበር፤ ቀይዋ ዝም። አንተ ደግሞ ያንን ዝምታ ራስህ የፈለሰፍከው ይመስል ትኮራብኝ ነበር! ይሄን ባለ ሁለት ኮይል ፒክአፕ ስለፈለሰፈው ሴዝ ላቨር ስንት ጊዜ ነገርከኝ? ጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ በ1955 የፈጠራ መብት እንደጠየቀ፣ ወረቀቱ እስከ 1959 እንዳልወጣ፣ እስከዚያው ፒክአፖቹ ሥር "ፓተንት አፕላይድ ፎር"፣ መብቱ ተጠይቋል፣ የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ እንደነበር። ሰልችቶኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። አሁን በእጄ ፈትቼ ሳየው ግን ገረመኝ። ሁለት ኮይል ጎን ለጎን። አንዱ ባንዱ ተቃራኒ ተጠምጥሟል፣ ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። ከመብራት የመጣው ጉርምርምታ ሁለቱ ጋ በተቃራኒ ይገባና ይጣፋል። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

እና አንድ ነገር ሳስብ ነበር። እኛ ጋ መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ እናንተ ጋ አሜሪካ 60። የእኛ ጉርምርምታ ወደ ጂ ኖታ ይቀርባል፤ የእናንተ በቢ ፍላትና በቢ መሃል ነው። አምፕ ስታበራ የምትሰማው ከኔ ይለያል ማለት ነው። ይሄን ሳስብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ሆነችብኝ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

ሌላኛውን፣ አንገቱ ጋ ያለውን ፒክአፕ መቀየር አልፈልግም። የሽቦው ተቃውሞ በማልቲሜትር 7.6 ኪሎ ኦም ያነባል፣ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የመጨረሻዋ ሌሊት ትዝታውን የተጫወትክበት እሱ ነው። ክብ የሆነ፣ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ የሚያዘግም ድምፅ። እሱ ይቆይ። የምንፈልገው ከሱ ጋር ተስማምቶ የሚኖር የብሪጅ ፒክአፕ ነው።

አውቅሃለሁ፣ አሁን "ጄቢ ይሁን" ልትል አፍህን ከፍተሃል። ድምፅ ጨምር ስትባል ሁለት እጅ የምትጨምር ሰው ነህ። እስቲ ስማኝ መጀመሪያ። የሲሞር ደንካን ፋብሪካ ፒክአፕ፣ ጄቢ፣ 16 ኪሎ ኦም ያልፋል። ቁጥሩን ብቻ አይተን ካለን ፒክአፕ እጥፍ ጉልበት አለው እንዳንል፣ ሽቦውም ቀጭን ነው፤ 44 ቁጥር። ያለን ዓይነት ድሮውን የሚሠራው በ42 ነው። ሽቦ ሲቀጥን በዚያው ርዝመት ኦሙ ይጨምራል። ያም ሆኖ ጄቢ ሞቃት ነው። አምፑን ቶሎ ይገፋዋል። ለሮክ ጥሩ ነው። እኛ ግን አንቺሆዬ እንጫወታለን። አንቺሆዬ ላይ አንድ ፍሬት ብቻ ተራርቀው የሚቀመጡ ድምፆች አሉ። አምፑ ከተገፋ ተደበላልቀው አንድ ጭቃ ይሆናሉ። ሞክሬዋለሁ። የኪቦርዲስታችን የአክስት ልጅ ጄቢ የገባበት ጊታር አለው፤ ተውሼ አንድ ምሽት ሠራሁበት። ባቲው አማረ። አንቺሆዬው ላይ ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ።

እኔና አንተ ያደግነው የሮሃ ባንድን ካሴት ወደኋላ እየመለስን ነው። የሰላም ስዩምን ጊታር አስታውስ። እያንዳንዷ ድምፅ ለብቻዋ ቆማ ትሰማለች፤ እንደ ክራር። እኔ የምፈልገው ያንን መለያየት ነው። ክሩ ሲመታ የእንጨቱ ጠቅታ ሳይቀር እንዲሰማ።

ስለዚህ ከ8 ኪሎ ኦም ብዙ ያልራቀ ይሁን። ከአንገቱ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ ብሪጁ አጠገብ ክሩ ብዙ ስለማይወዛወዝ እኩል ከሆኑ የብሪጁ ይደክማል። ሁለት ቀርተውኛል። አንዱ "ፊፍቲ ናይን" የሚሉት ነው፤ ማግኔቱ አልኒኮ 5። ሁለተኛው "አልኒኮ ቱ ፕሮ"፤ ስሙ እንደሚለው ማግኔቱ አልኒኮ 2። አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል፣ ቀጭኑ ክር ጆሮ አይወጋም። አልኒኮ 5 ጠንከር ያለ ነው፤ ባሱ ሰብሰብ ይላል፣ ላይኛው ጥርስ አለው። ለትዝታ ልቤ ወደ 2 ያደላል። ለአንቺሆዬና ለአምባሰል ወደ 5። ሌሊት ሌሊት ስገላበጥ አንዱን መርጬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሌላውን መርጬ እነሳለሁ። ሚስቴ "አንድ ልጅ ስም ለማውጣት እንኳ ይሄን ያህል አልቆየንም" አለች።

አዎ፣ ልጅ አለችኝ። ሴት ናት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ይሄንንም አልነገርኩህም። ፎቶ እልክልሃለሁ።

አንተ እዚያ ሙዚቃ ቤት ገብተህ ሁለቱን ሰምተህ መምረጥ ከቻልክ ባንተ ጆሮ እተማመናለሁ። ሁልጊዜም ጆሮው ያንተ ነበር፤ እኔ እጅ ብቻ ነበርኩ። ብቻ አምፑ ላይ ዲስቶርሽን ሳትከፍት ስማ፣ እባክህ!

ስትገዛ ሦስት ነገር አትርሳብኝ። አንደኛ፣ የስፋቱ ነገር። የአሮጌውን ብሎኖች ከዳር እስከ ዳር ለክቻለሁ፣ 50 ሚሊ አይሞላም። ስለዚህ መደበኛውን፣ 49 የሆነውን እንጂ ለትሬሞሎ ብሪጅ ተብሎ የሚሰፋውን እንዳይሰጡህ። ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ገመዱ ባለ አራት ሽቦ ይሁን። አዲሱና አሮጌው የተለያየ ቤት ልጆች ናቸው። ማግኔታቸው ወይም አጠማዘዛቸው ካልተስማማ፣ መቀየሪያው መሃል ላይ ሆኖ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ድምፁ ይሳሳል፤ አፍንጫውን ይዞ እንደሚዘፍን ሰው። ሽቦው አራት ከሆነ ገልብጬ አስተካክለዋለሁ። ባለ አንድ ከሆነ ግን መከራ ነው። ሦስተኛ፣ የቀለሙን ወረቀት አትጣለው። ደንካን ላይ ቀይና ነጩ አንድ ላይ ታስረው ጥቁሩ ነው ወደ ቮልዩም የሚሄደው። ሌላው ፋብሪካ፣ ዲማርዚዮ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ታስረው ቀዩ ነው የሚሄደው። ሐሳብህን ቀይረህ ዲማርዚዮ ብትገዛ ከወረቀቱ ውጪ አልነካውም። ከእንግዲህ በግምት የምሠራው ነገር የለም።

የብየዳውን ሥራ ራሴ እሠራለሁ ማለት ትንሽ ያስፈራኛል። ሶልደር በደንብ የሚያደርግ ልጅ አለ፣ አጠገቡ ቆሜ አሠራዋለሁ። ሰም አይነካውም፤ ፋብሪካው ራሱ ነክሮ ነው የሚልከው።

ዋጋው ከ100 ዶላር ወዲያ ወዲህ ነው። ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ያ ከ10 ሺህ ብር በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተዘጋጅቼበታለሁ። የጥር ሠርጎች ገንዘብ አልተነካም። ልክ ገዛሁ ስትለኝ ለእማማ አደርሳለሁ። "ተው" እንዳትለኝ። ይሄን እንድከፍል ፍቀድልኝ።

አሁን ጾም ነው፣ ሠርግ የለም፣ ጊዜ አለኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ግን ሥራ ይጀመራል። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ካለ በሱ ላክልኝ። ዕቃዋ በመዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ ሻንጣ አታጨናንቅም። አንተ ራስህ የምትመጣ ከሆነ ደግሞ... እማማ ምንም አላሉኝም፣ ግን የመኝታ ክፍልህን መጋረጃ አጥበው ሰቅለዋል። አይቻለሁ። አልጠይቅህም።

የተቃጠለውን አልጣልኩትም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከጊታሯ ቦርሳ ኪስ አስቀምጨዋለሁ፤ ያንተ ስለሆነ። እስከዚያው በአንገቱ ብቻ እየተለማመድኩ ነው። ትናንት ማታ ትዝታውን ይዤ ልጄ ጭኔ ላይ ተኛች።

ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እናንተ ጋ የምሳ ሰዓት ነው። ብትቆጣም አንሳው።

ወንድምህ