ሂሩትዬ፣ ስለ ወንድሜ እግር

ሂሩትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ሲጨንቀኝ ብቅ ማለቴ ያሳፍረኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትወቅሺኛለሽ።

ትንሹ ወንድሜ ታሟል። ያ «እትዬ» በል ሲሉት እምቢ ብሎ በስምሽ ብቻ የሚጠራሽ። የእግሩ መርገጫ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረችበት፤ ተቆርጣ ስትመረመር ሜላኖማ የሚሉት የቆዳ ካንሰር ሆና ተገኘች። ጥልቀቷ 1.4 ሚሊሜትር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ዓምና አሳይቶኝ ነበር። «እሾህ ወግቶህ ይሆናል፣ ይጠፋል» አልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ይህ በሽታ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ መርገጫና መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥር መሆኑን የማውቀው የት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን የማነጋው በማንበብ ነው። ድሮ ስለ ሴል ስታወሪ «ደግሞ ጀመራት!» እንዳላልኩሽ፣ አሁን ያኔ ያልሽውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። ቀለም የምትሠራው ሴል ከጎረቤቶቿ ጋር የምትያያዘው ላይዋ ላይ ባለ ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ነው፣ አይደል? እነሱም በዚያው ይዘው አደብ ያስገዟታል። ካንሰር ስትሆን ግን ብዙ ጊዜ እሱን ትጥልና ኤን-ካድሄሪን ታወጣለች፤ ይኼኛው ከታችኛው ቆዳ ሴሎችና ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቃታል። ኢንቴግሪን የሚባሉ መያዣ ፕሮቲኖቿ ደግሞ መንገዱን እየቆነጠጡ ወደ ውስጥ ይስቧታል። ሰው ገና ጽንስ ሳለ እነዚህ ሴሎች ከጀርባ ተነሥተው ተጉዘው ነው ቆዳ የሚደርሱት ሲባል ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። መሄድ ለነሱ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ሊገድላት የመጣውን የሰውነት ተከላካይ፣ ቲ ሴልንም ፒዲ-ኤል1 በሚባል ፕሮቲን ታበርደዋለች። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ተነፈስኩ፤ ያንን ማብረድ የሚያግዱ መድኃኒቶች ከ2014 ጀምሮ ለሜላኖማ ይሰጣሉ፤ ሳይንቲስቶቹ አሊሰንና ሆንጆ በ2018 ኖቤል የተሸለሙትም የሰውነትን መከላከያ ልጓም በመፍታት ነው። ብቻ የመርገጫው ዓይነት ለነዚህ መድኃኒቶች እንደሌላው በቀላሉ እሺ አይልም ይላሉ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ከብሽሽቱ፣ በሽታው ከተጓዘ መጀመሪያ የሚደርስባትን የሊምፍ ዕጢ አውጥተው ወስደዋል፤ ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። ሐኪሙ ያለኝን ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛልም። ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ካንቺ አፍ ካልሰማሁት አይረጋልኝም። 1.4 ሚሊሜትር ላይ ያለች ሴል የጎረቤቶቿን እጅ ለቅቃ ሄዳ ይሆን? አትደብቂኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ የማነበው እኔ ነኝ፤ እሱ ውጭ ይጠብቀኛል። ሐሙስ ጠዋት ስልክሽን አትዝጊ፣ እባክሽ። አስቸገርኩሽ፣ አውቃለሁ።

ያንቺው ትዕግሥት