የግሊሰሪኑን ጠርሙስ ከመክፈትህ በፊት

የኔ ጌታ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለፈው ስልክ ላይ የቬፕ ጁሱን፣ ያንን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ፣ ከግሊሰሪንና ከፕሮፒሊን ግላይኮል ራስህ መቀመም እንደጀመርክ ስትነግረኝ ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም። ማሰብ ፈልጌ ነው። ሲጋራውን ከተውክ ወዲህ ሳልህ ቀንሷል፤ ስትደውል ይሰማኛል። ቬፑንም ብትተወው ምኞቴ ነው፤ ሳንባ ከአየር ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ግን ትልቅ ሰው ነህ፤ ስለተቆጣሁ ብቻ እንደማትተወው አውቃለሁ። እስክትተወው ድረስ ግን ወደ ሳንባህ የሚገባው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፋርማሲ ውስጥ ነው። የማውቀውን ለማንም ስነግር ኖሬ ላንተ ዝም ልል አልችልም።

አክስትህ ከአዲስ አበባ የላከችውን ግሊሰሪን «እሱ አይሆንም ወይ? መቶ ፐርሰንት ይላል እኮ» ብለኸኝ ነበር። አይሆንም ልጄ። ያ ለፊትና ለእጅ የሚሸጥ ነው። ማን እንዳመረተው፣ ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ፣ ምን እንደተጨመረበት ጠርሙሱ ላይ የሚነግርህ የለም። ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ሌላ ነው፤ ተሞቆ በጭስ መልክ የሚሳብ ሌላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደፈራሁ ልንገርህ። ግሊሰሪን ቀለም የለውም፣ ወፈር ይላል፣ ይጣፍጣል። ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል የፋብሪካ ፈሳሽ አለ። እሱም ቀለም የለውም፣ ወፈር ይላል፣ ይጣፍጣል። ዋጋው ግን ይረክሳል። ሰው ሲጠጣው ኩላሊቱን ይገድለዋል። በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በምላስ አትለያቸውም። እኔም አልለያቸውም።

በፈረንጆቹ 1937 እዚሁ አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የሚባለውን መድኃኒት በዚህ ፈሳሽ አሟሙቶ ሽሮፕ አደረገው። ጣዕሙንና ሽታውን አሳመሩት። መርዝነቱን ግን የፈተነ አልነበረም። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከነሱ ውስጥ ሕፃናት አሉበት። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይረጋገጥ የሚለው የ1938 ሕግ የወጣው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው።

አሮጌ ታሪክ ነው እንዳትለኝ። በ2006 ፓናማ ውስጥ የሳል ሽሮፕ የጠጡ ሰዎች አለቁ፤ ከ100 በላይ ናቸው። ሽሮፑ የተሠራበት በርሜል ላይ «ግሊሰሪን፣ 99.5 በመቶ ንጹህ» የሚል ተጽፎ ነበር። ዕቃው ከቻይና ተነስቶ በስፔን በኩል ነው ፓናማ የደረሰው። ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲተላለፍ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው አምራች ስም ጠፋ። በመንገዱ ሁሉ ደግሞ ቆም ብሎ የመረመረው የለም። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ልጆች ሞቱ፤ በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኘው ይኸው መርዝና ወንድሙ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከ200 በላይ ልጆች ሞቱ። እነዚህን ልጆች ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። አንድ ርካሽ ምርመራ ያድናቸው ነበር።

ቬፕም ከዚህ ነፃ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2009 ጥቂት የኢ-ሲጋራ ካርትሪጆችን፣ ማለትም የፈሳሽ መያዣዎችን፣ ሲመረምር በአንዱ ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮል አግኝቷል።

ስለዚህ ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ግሊሰሪኑም ሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮሉ «ዩኤስፒ» የሚል ይሁን። ይህ የመድኃኒት ደረጃ ነው፤ በዚህ ደረጃ ግሊሰሪን ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮልም ኤቲሊን ግላይኮልም እያንዳንዳቸው ከ0.10 በመቶ መብለጥ አይችሉም። ግን ጽሑፉን አይተህ አትመን። ሻጩን የዚያን ዙር ምርት የላብራቶሪ ውጤት ጠይቀው፤ ሲኦኤ ይሉታል። ወረቀቱ ላይ ያለው የሎት ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የአምራቹ ስም ይኑርበት፤ የሻጩ ብቻ አይበቃም። የሁለቱ መርዞች ውጤት በየራሱ መስመር መጻፉን እይ። ወረቀቱን ለመላክ ካቅማማ ሌላ ሻጭ ፈልግ። ኢንተርኔት ላይ ከትልቅ ጋሎን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እየገለበጡ የሚሸጡ አሉ፤ ከነሱ አትግዛ። አምራቹ ራሱ ያሸገውን ግዛ።

ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደም ተጠራጠር። ዛሬ ብዙ ግሊሰሪን የሚገኘው ባዮዲዝል ሲመረት በተረፈ ምርትነት ነው። ጥሬው ሜታኖልና ሌላም ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። በደንብ ከተጣራ ችግር የለውም፤ ችግሩ ያልተጣራው ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮልም ለመኪናና ለቧንቧ አንቲፍሪዝ የሚሸጥ ዓይነት አለው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ እንዳትገዛው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። ዩኤስፒ ማለት ለሳንባ ተፈትኗል ማለት አይደለም። በአፍ ለሚወሰድና ለመሰል መድኃኒት ይሆናል ማለት ነው። ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ይወጣዋል። ኮይሉ፣ ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ደርቆ የማረር ጣዕም ከመጣብህ አትሳበው።

ወደ ጣዕሙ እንምጣ። ዘይት የሚባል ነገር ወደ ጁስህ አይግባ። የቀረፋ ዘይት፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ምንም። «ተፈጥሯዊ ነው» ቢሉህም እምቢ በል። ዘይት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ከ2019 እስከ የካቲት 2020 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከ2,800 በላይ ሰዎች በቬፕ ምክንያት ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ የሞቱት 68 ናቸው። በዋናነት የተጠረጠረው የካናቢስ ካርትሪጅ ውስጥ ለማወፈሪያ የጨመሩት ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ቅባት ነው። ስትውጠው ቫይታሚን ነው፣ ስትስበው ግን ያ ሁሉ መጣ።

የቅቤ፣ የካራሜልና የኩስታርድ ጣዕም የሚወድ ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ። ዳይአሲቲል አለበት ወይ ብለህ ጠይቅ። በ2000 ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ሳንባ የተበላሸው የዚህን የቅቤ ጣዕም ትነት ሲተነፍሱ ኖረው ነው። በምግብ ውስጥ ግን የተፈቀደ ነው። ከቻልክ እነዚህን ጣዕሞች ጨርሶ ተዋቸው፤ በሌላው ተደሰት።

ኒኮቲኑ ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል፤ ላንተ ሳይሆን ለእህትህ ልጅ። ያቺ ልጅ ቤትህ ስትመጣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው የምትከተው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘውን ጠንካራውን አትግዛ። ቀድሞ የተበረዘውን ግዛ። በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞቷል፤ ጥቂት ይበቃል። በቆዳም ይገባል፤ ያለ ጓንት አትንካው። ልጅ የማይከፍተው ክዳን ይኑረው፣ ስሙ ይጻፍበት፣ ምግብ ካለበት ፍሪጅ አይግባ። ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ። 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ስልክ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ልጅቷ ራሷን ከሳተች ወይም ካንቀጠቀጣት ግን በቀጥታ 911።

ስትቀምም በሚዛን ለካ። አንድ ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን 1.26 ግራም፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል 1.04 ግራም ነው። በመርፌ ቱቦ ከመገመት ይሻላል። ሁለቱም ከአየር ውሃ ይስባሉ፤ ክዳናቸውን ክፍት አትተው።

ለጥምቀት አዲስ አበባ ስትሄድ ምንም የቬፕ ዕቃ ይዘህ አትሂድ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኢ-ሲጋራ ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል። ለጉዞው ሰሞን ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች ብትይዝ ይሻላል፤ ምናልባትም ከዚያው ትተወው ይሆናል። በቀን ስንት ሚሊ ግራም እንደምትጠቀም አስላና ደውልልኝ፣ የትኛው መጠን እንደሚሆንህ አብረን እናያለን። የሲኦኤውንም ፎቶ ላክልኝ። እስካየው ድረስ ጠርሙሱን አትክፈተው።

እናትህ