እማዬ፣ ዓይንሽ የሚያለቅሰው ስለደረቀ ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ባሕር ዳር

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «አያቴ ወደ ዋሽንግተን ስትሄድ መቼ ነው እኛ ጋ የምትመጣው? ስንት ቀን ታድራለች?» እያሉ ያሰለቹኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፌስታል የመጣልሽ፣ የዓይን ጠብታ ያለበት ትንሽ ካርቶን አለ። ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፊበት። በስልክ ሦስት ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ ግን አንቺ «እሺ» ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ ስለማውቅ ጻፍኩት።

የካቲት ላይ ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ስንሻገር ትዝ ይልሻል? ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ንፋሱ ፊት ለፊት እየመታሽ፣ እንባሽን በነጠላሽ ስትጠርጊ ባለጀልባው አዝኖ «እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አለሽ። ሁላችንም ሳቅን። ዓይንሽ ግን በርበሬ መስሎ ነበር። «አሸዋ ገብቶበት ነው» አልሽ። ጣና መሀል የምን አሸዋ አለ?

ሐኪሙ «ዓይንዎ ደርቋል» ሲልሽ ደግሞ ተቆጣሽ። «እንባዬ እየወረደ ምኑ ነው የደረቀው?» እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ቅባትም አለው። ቅባቱ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ከላይ ሆኖ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። የሚመነጨው ከሽፋሽፍቱ ሥር ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢዎቹ ይደፈናሉ፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ድርቀቱ ይበዛል። ዓይን ሲደርቅ ይቆረቁራል። ሲቆረቁር እንባው ዝም ብሎ ይጎርፋል፣ ግን ቅባት የሌለው ውሃ ስለሆነ ጉንጭሽን ከማራስ በቀር አይረባም።

ሐኪሙ የዓይንሽን ቆብ ገልብጦ ያየው በእኛ አገር ትራኮማ፣ ያ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ የሚያጥፈው የዓይን በሽታ፣ ስለሚበዛ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር አላገኘም። ስለዚህ ወረንጦዋን ተያት፣ እባክሽ።

አንድ ጥፋት ደግሞ የእኔ ነው። አምና ሳትመረመሪ ከፋርማሲ ገዝቼ የላክሁልሽ ጠብታ ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ነበር። ለጊዜው ቅላቱን ያጠፋል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሰው «ለእኔ ሠርቶልኛል» ስላለኝ ብቻ ነው የገዛሁት። ይቅር በይኝ።

አሁን የላክሁልሽ ሐኪሙ ያዘዘው ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ትንንሾቹ ፕላስቲኮች የአንድ ጊዜ ናቸው። ከፍተሽ ሁለቱም ዓይንሽ ላይ አንዳንድ ጠብ ካደረግሽ በኋላ የቀረውን ጣዪው። የአምቦ ውሃ ክዳን ሳይቀር የምታስቀምጪ ሴት ይህን መስማት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን መከላከያ ኬሚካል ስለሌለው ተከፍቶ ከቆየ ይበከላል። እጅሽን ታጠቢ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጊ፣ ወደ ላይ እያየሽ አንጠባጥቢ፣ ጫፉ ዓይንሽን እንዳይነካ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ምንም አይደለም። ከዚህ ወደ ወንድሜ፣ ዋሽንግተን ድረስ ግን ከ13 ሰዓት በላይ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ እስኪያቃጥልሽ አትጠብቂ። ስትሳፈሪ አንዴ፣ ከዚያ በየጥቂት ሰዓቱ አድርጊ። ካርቶኑ ከጭነት ሻንጣ ጋር እንዳይሄድ፣ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን። ከራስሽ በላይ አየር የሚነፋ ቀዳዳ አለ፣ ሆስተሷን «ዝጊልኝ» በያት። አትፈሪያት፣ ሥራዋ ነው።

የጸሎት መጽሐፍሽን ስታነቢ ዓይንሽን ማርገብገብ ትረሻለሽ። ገጽ በገለበጥሽ ቁጥር ጨፈን አድርጊ። ስትተኚ ደግሞ ዓይንሽ ገርበብ ብሎ ነው የሚያድረው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ «ነቅታለች» እያልኩ ተሸውጄበታለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ጥቁር የዓይን መሸፈኛ አለ፣ አድርጊው። ማንም አያይሽም። ውሃም ጠጪ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለሽ ተጠምተሽ እንደምትቆዪ አውቃለሁና መተላለፊያው ጋ ያለ ወንበር አስይዤልሻለሁ።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ ለ10 ደቂቃ አኑሪ። የተደፈነውን ቅባት ያለሰልሰዋል። ዕጣን አታጭሺ አልልሽም፣ ብልሽም አትሰሚኝ። ከሰሉ ላይ ግን አታጎንብሺበት። ዓይንሽን ካመመሽ፣ ብርሃን ማየት ካቃተሽ ወይም ብዥ ካለብሽ ጠብታ አትደርድሪበት። ያንኑ ሰዓት ደውይልኝ።

አምና የላክሁልሽን ጠብታ ዛሬውኑ ጣዪልኝ። ፍሪጁ በር ላይ፣ ከሎሚው አጠገብ ነው።

ልጅሽ